ትህትና ለጉልበቷ የምትነግረው

መሐል ሜዳ፣ ኅዳር 14 ቀን 1997 ዓ.ም.

ውዷ ባለቤቴ ወሰንየለሽ፣

ሰላምታዬ እዚያው ቤይሩት፣ ከምትሠሪበት ቤት ድረስ ይግባልሽ። እናቴ ደህና ናቸው፤ ገብሱንም ዘንድሮ ውርጭ አልመታውም። የልጃችንን ነገር ግን ሳትደነግጪ አንብቢው።

ባለፈው «ትህትና ድናለች» ብዬ ጽፌልሽ ነበር። የጻፍኩት ዓይኔ ያየውን ነው። ክረምቱ ከወጣ ወዲህ መገጣጠሚያዬን አመመኝ ማለት ተወች። ያቺ ጠዋት ጠዋት ጣቶቿ አልታጠፍ የሚሏት ልጅ፣ ስነሳ ለባብሳ፣ ጫማዋን አስራ፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ፈገግ ብላ ተቀምጣ አገኛታለሁ። እናቴ ስለታቸውን አስገቡ። ጎረቤታችን እትዬ ጠጄም እልል አሉ።

እኔን ግን ፈገግታዋ ያስፈራኝ ጀመር። ሰኞ ማክሰኞ ሲጫወቱ ሌሎቹ ልጆች ይንጫጫሉ፤ እሷ ስትዘልም ስታርፍም ፊቷ ያው ነው፤ የተሣለ ይመስላል። አንድ ቀን ጉሙ ደጁን ሸፍኖት አስተምሬ ከትምህርት ቤት ስመለስ ከቤታችን ጀርባ ሹክሹክታ ሰማሁ። ብሄድ ካቡ ሥር ብቻዋን አቀርቅራ ተቀምጣለች።

«ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» አልኳት።

«ከሱ ጋር» ብላ ጉልበቷን አሳየችኝ። «ዝም በል እያልኩት ነው። አሁን አሁን እሺ ይለኛል።»

እናቴ ሲሰሙ «ልክፍት ነው፤ ጠበል እንውሰዳት» አሉ። የሐኪም ቀጠሮዋ ደርሶ ስለነበር ግን ደብረ ብርሃን ይዣት ሄድኩ።

ደሟን ቀድተው በቀጭን የመስታወት ቱቦ ቀጥ አድርገው አቆሙት። በሽታው ሲነቃ ቀዩ ቶሎ ወደ ታች ይሰምጣል፤ ጋብ ሲል ይዘገያል። ትህትና ልየው ብላ ተጠጋችና፣ ካቡ ሥር በሰማሁት በዚያው ድምፅ፣ «ቁም፤ እንዳትወርድ» አለችው።

ቀዩ ግን ወረደ። ዓይናችን እያየ፣ ቢጫ ውኃ ከላዩ እየተወ ወረደ።

ዶክተር አባይነህ «ደም ብቻውን አይፈርድም፤ ሌላ ሕመምም እንዲህ ያደርገዋል» ብሎ ጉልበቷን ቀስ አድርጎ አጠፈው። ፈገግታዋ ከፊቷ አልጠፋም። እንባዋ ግን በጉንጯ ኮለል አለ።

«ለምን ደበቅሽኝ የኔ ልጅ?»

«እማዬ የሄደችው እኔ እስክድን ነው ብለሃል። ከዳንኩ ትመጣለቻ!» አለችኝ። ከዚያ ወደ ቱቦው ዞራ «ይሄ ነው ያሳበቀብኝ» አለች።

ወሰንዬ፣ መድኃኒቷ ተጨምሮላታል። በጊዜ ስለደረስን መገጣጠሚያዋ አልተበላሸም ብሎኛል ዶክተሩ፤ ደሟም በየቀጠሮው ይታያል። «እናትሽ እንድትመጣ ብለሽ ሕመምሽን አትደብቂ» አልኳት። «ታዲያ መቼ ነው የምትመጣው?» አለችኝ።

ዛሬ ጠዋት ጫማዋን ሳስርላት ጮኻ አለቀሰች። እትዬ ጠጄ ምን ሆናችሁ ብለው እየሮጡ መጡ። እኔ ልጄን አቅፌ እስቅ ነበር፤ ያበድኩ ሳይመስላቸው አይቀርም።

ነይ ብዬ አላስጨንቅሽም፤ እዚያ ያለሽበትን አውቃለሁ። ትናንት ፀሐይ ስለወጣች ብቻ ባንቺ በኩል ያለውን ትራስ አውጥቼ አናፈስኩት።

እመብርሃን ከሰው አገር ክፉ ትሰውርሽ፤ እጅሽን ትባርክልሽ።

ያንቺው
ሀብተ ማርያም