እማዬ ሳታስፈቅድ ተመረመረች

ጥቅምት 6 ቀን 2000

እማዬ ከጤና ጣቢያ ፊቷ ጠቁሮ መጣች። አምስት ወሯ ነው። ነርሷ "ለጽንሱ ስትዪ የኤች አይ ቪ ምርመራ አድርጊ" ብላታለች። አባዬ ሳይፈቅድ? እሱ እንደሆነ አይሱዙውን ይዞ ሞያሌ ነው...

አክስቴ ዘምዘም፣ የአባዬ ታላቅ እህት፣ ፈረደች። "የሚመረመር ያጠፋ ነው! ወንድሜ ቢሰማ ያባርርሻል።" አክስቴ የማታውቀው የለም። ባለፈው ሳምንት "ቲማቲም ደም ያቀጥናል" ብላ የእኛን ቲማቲም ብቻዋን ጨረሰችው።

ጥቅምት 9

"እማዬ፣ ምኑን ነው የፈራሽው?"

"አዲሎ ውስጥ ማን የማያውቀኝ አለ? ካርድ ክፍል ያየኝ ሁሉ ያወራል። አባትሽስ..."

"ሕፃኑስ?"

ሆዷን ዳበስ አድርጋ፣ "ሰኞ ሆሳዕና ሆስፒታል እንሄዳለን። ለሰው 'ሀናን ጥርሷን አሟት ነው' እንላለን።"

ጥርሴ እንደ ድንጋይ ነው!

ጥቅምት 11

እስከ ሆሳዕና ጉንጬን ይዤ አቃሰትኩ። አንድ ሽማግሌ አዝነው ቅርንፉድ ሰጡኝ። አፌን አቃጠለኝ።

ወረፋው ላይ ከፊታችን አንዲት ሴት እስከ ዓይኗ ተሸፋፍናለች። ዞር ስትል... አክስቴ ዘምዘም!

"ቅቤ... ቅቤ ልሸጥ መጥቼ ነው።"

ምርመራ ክፍል በር ላይ? ከት ብዬ ሳቅኩ። እማዬ ቆነጠጠችኝ። አክስቴ ግን እማዬን አቅፋ አለቀሰች። "ባሌ ከሞተ ሦስት ዓመት... 'ይዞኝ ይሆን' እያልኩ አንድ ቀን በቅጡ አልተኛሁም፣ ዛሂራ።" ከእማዬ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ገቡ።

አክስቴ ነፃ ናት። እማዬ አለባት።

አላለቀሰችም እኮ! "ለልጁ የሚሆነውን መድኃኒት ስጡኝ" ብቻ። ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ጥርሴን አሞኝ።

ጥቅምት 16

አባዬ መጣ። ነገረችው። "ማን ፈቀደልሽ?" ብሎ ጮኸ።

"ሆዴ ውስጥ ነው ያለው፣ ነስሩ። ማንን ልጠይቅ?"

አክስቴ መሃል ገባች። "ለቦሎ ብለህ መኪናህን በየዓመቱ ታስመረምራለህ። አንተስ? ነገ ካልሄድክ ለገበያው ሁሉ የማወራው እኔ ነኝ!"

አባዬ እህቱን ያውቃታል። ካለች ታደርገዋለች።

ጥቅምት 17

ሄደ። እሱም አለበት። ሲመለስ ስለ ፈቃድ አንድ ቃል አልወጣውም።

ነሐሴ 20 ቀን 2001

ወንድሜ ሙኒር ዓመት ከመንፈቅ ሞላው። የመጨረሻ ምርመራው ዛሬ ነበር። እዚሁ አዲሎ ጤና ጣቢያ፣ አግዳሚው በነፍሰ ጡር ተሞልቶ። ነርሷ ወደ እማዬ ጆሮ ጠጋ ስትል፣

"ጮክ በይ፣ እህቴ" አለቻት እማዬ። "እኔ እንዳለብኝ ያልሰማ የለም። የልጄንም ይስሙ።"

"ነፃ ነው!" አለች ነርሷ ጮክ ብላ።

አንዲት ነፍሰ ጡር ቀስ ብላ ተነሳች። "መመርመሪያው... በየት ነው?"

እማዬ ሙኒርን አስታቀፈችኝና ሴትዮዋን እጇን ይዛ ገባች። የኔ እናት!