የአቶ ደርበው ይሄይስ የሕይወት ታሪክ፣ ከተነጠቁት አራት ደቂቃ ጋር

አቶ ደርበው ይሄይስ ከአባታቸው ከአቶ ይሄይስ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ዋጋዬ በ1950 ዓ.ም. ዘንገና ሐይቅ አጠገብ በምትገኝ መንደር ተወለዱ። የክርስትና ስማቸው ኃይለ ጊዮርጊስ ነው። አፋቸውን የፈቱት በአዊኛ ሲሆን አማርኛን የለመዱት ቆሰበር፣ የዛሬዋ እንጅባራ፣ ትምህርት ቤት ሲገቡ ነው። ባለቤታቸው እንደሚሉት በአዊኛ ተቆጥተው በአማርኛ ይቅር ይሉ ነበር፤ ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ።

ሁለተኛ ደረጃን ዳንግላ ቤት ተከራይተው ተማሩ። በዚያም የአከራያቸውን ሬዲዮ ፈትተው ሲገጥሙ ሦስት ብሎን ተረፋቸው፤ ሬዲዮው ግን ከበፊቱ ይልቅ ጮኸ። ብሎኖቹ እስከ ዛሬ መሳቢያቸው ውስጥ አሉ። በ1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሄደው ለሁለት ዓመት የሬዲዮ ቴክኒሺያንነት ሠለጠኑ። በተለያዩ ቦታዎች ካገለገሉ በኋላ በ1979 ዓ.ም. ከወ/ሮ ሰውነት ጋር በቅዱስ ቁርባን ተጋብተው ናርዶስንና ምስጋናውን አፈሩ። በ1980 ዓ.ም. ከቆሰበር በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ወደተተከለው የማሰራጫ ጣቢያ ተዛወሩ። በ2010 ዓ.ም. ጡረታ ቢወጡም በኮንትራት ቀጠሉ እንጂ ከኮረብታው አልወረዱም።

ሥራቸውን ለማያውቅ ሰው በአጭሩ ለማስረዳት፣ ማሰራጫ ራሱን አያዳምጥም። መብራቱ በርቶ፣ የመለኪያው ቀስት ቦታው ላይ ቆሞ፣ ከጋራው ወዲያ ያለ ሰው ግን ምንም ላይሰማ ይችላል። ስለዚህ አቶ ደርበው ሰሚ ሰዎች መረጡ። ዘንገና ላይ አቶ አዝመራው ነበሩ፤ ድምፅ ሲጠፋ ነጭ ነጠላ አጥራቸው ላይ ይሰቅላሉ፣ ከኮረብታው ይታያል። ጥሊሊ ላይ ብቅልና ጌሾ የሚሸጡት ወ/ሮ እታለማሁ ነበሩ፤ እርሳቸው ደግሞ በሚኒባስ ሾፌር «ለአያ ደርበው ጥሊሊ ዝም ብላለች በልልኝ» ብለው ይልካሉ። ሞባይል ሲመጣ ሥራው ቀለለ። አንድ ጊዜ ጠርቶ ከተዘጋ ድምፅ ጠፍቷል፤ ሁለት ጊዜ ከሆነ ድምፅ አለ፣ ግን ይንጫጫል። አቶ ደርበውም አንድ ጊዜ ደውለው ይዘጋሉ። ትርጉሙ «ሰምቻለሁ» ነው።

ግንቦት 11 ቀን 2015 ዓ.ም. የሬዲዮና የቴሌቪዥን ስርጭት መሐንዲሶች ጉባኤ በእንጅባራ ተካሄደ። መድረክ መሪው የእኅታቸው የወ/ሮ ምህረቴ ልጅ ይኸነው ነበር። ይኸነው ዩኒቨርሲቲ የተማረ፣ በሬዲዮ ሰው በማሳቅ የሚተዳደር ነው። ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፈውም እርሱ ነው። ከዚህ በታች ያለውን ሌላ ሰው ቢጽፈው ይሻል ነበር፤ ቤተሰቡ ግን «አንተው ጻፈው፣ አፍ እንደሁ አያንስህ» ስላለ ተጻፈ።

ጉባኤው እንደ ጉባኤ ሁሉ ባነር፣ ቦርሳና የሻይ ዕረፍት ነበረው። ሰዓት ስለማክበር የተደረገው የመክፈቻ ንግግር አርባ ደቂቃ ዘግይቶ ጀመረ። ከአዲስ አበባ የመጡ ባለሙያ የስርጭት መቋረጥን በራሱ የሚያሳውቅ መሣሪያ አስተዋወቁ፤ አዳራሹ ውስጥ ኔትወርክ ስላልነበረ መሣሪያው የታየው በፎቶ ነው። ቀጥሎ ለአቶ ደርበው ዐሥር ደቂቃ ተሰጠ። ለሠርጋቸው ያሰፉትን ኮት ለብሰው፣ በእጃቸው የጻፉትን ሦስት ገጽ ይዘው ወጡ። ወ/ሮ ሰውነት እንደሚሉት ለሁለት ሳምንት ለላሞቹ ሳይቀር ሲያነቡላቸው ሰንብተዋል።

የመጀመሪያውን ገጽ ስለ ኮረብታውና ስለ ማማው አነበቡ። ሁለተኛውን ገልጠው «የእኔ መሣሪያ እታለማሁ ትባላለች፤ ጥሊሊ ናት» ሲሉ ከኋላ ወንበር ሳቅ ተሰማ። ይኸነው ሳቅ ከሸተተው ማለፍ አይችልም። የማሰራጫ ጉልበት የሚለካው በዋት ነውና ማይኩን አንስቶ፣ «ጋሼ፣ ስንት ዋት ናት?» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አቶ ደርበው የእውነት የተጠየቁ መስሏቸው «ዋት እንኳ...» ብለው ሊያስረዱ ጀመሩ፤ ሳቁ ባሰ። ሲያልቅ ሊቀጥሉ ወረቀታቸውን ይዘው ፈገግ እንዳሉ ጠበቁ። ይኸነው ግን «ጊዜዎ አልቋል፣ ጋሼ» አላቸው።

አላለቀም ነበር። ሰዓቱ ፊት ለፊቱ ነበር፤ አራት ደቂቃ ይቀራል። ሳቁ ሞቅ እንዳለ መዝጋት አምሮት ዋሸ። አቶ ደርበው «እሺ፣ የኔ ልጅ» ብለው ወረቀቱን አጥፈው ወረዱ። ከዚያ ቀን በኋላ ነገሩን አንድም ጊዜ አላነሱበትም። በየፋሲካው ሊጠይቃቸው ሲመጣ አጠገባቸው አስቀምጠው «ፕሮግራምህ ጥሊሊ ድረስ ጥርት ብሎ ይገባል» ይሉት ነበር፤ እርሱም ምስጋና መስሎት ይቀበል ነበር።

ጥሊሊ ድረስ መግባቱን የሚነግሯቸው ወ/ሮ እታለማሁ መሆናቸውን ይኸነው ያወቀው ትናንት፣ ለቅሶ ቤት ነው። ወንበር ሲያቀርብላቸው ትኩር ብለው አይተው «አንተ ነህ ያ ልጅ?» አሉት። የጉባኤው ቪዲዮ ከባጃጅ ባጃጅ ዞሮ ጥሊሊ ገበያ ደርሶ ነበር። ብቅል ሊገዛ የመጣ ሁሉ «ስንት ዋት ነሽ?» ሲላቸው ሬዲዮአቸውን ዘግተው መደወል ተዉ። የቀረውን በራሳቸው ቃል ማስፈር ይሻላል።

«አያ ደርበው በሰኔ ዝናብ ጉልበታቸው ድረስ ጭቃ ሆነው መጡ። ‹ይቅር በይኝ እታለማሁ› አሉኝ። ‹የሰደበኝ ያ መረን፣ እርስዎ ምን አጠፉና?› ብላቸው፣ ‹ጨዋታ መስሎት ነው፤ ሥራ በዝቶበት እንጂ ራሱ ይመጣል› አሉ። ለእርሳቸው ብዬ ሬዲዮውን ከፈትሁ። ገበያ ባገኘኋቸው ቁጥር ‹መጣ ያ ልጅ?› እላለሁ፤ ‹ይመጣል› ይላሉ። ይመጣል እንዳሉ ሄዱ!»

እንግዲህ የይኸነው ድምፅ ሲጠፋ ደውለው ያስመልሱለት የነበሩት የተዘባበተባቸው ሴት ናቸው። ኔትወርክ በጠፋባቸው ወራትም ኋላ ጣቢያው ላይ የተተከለው ያ በፎቶ የታየው መሣሪያ ዝም ሲል፣ የአቶ አዝመራው ነጠላ ወደ አጥሩ ተመለሰች፤ ጥሊሊም እንደ ድሮው በሚኒባስ መላክ ጀመረች።

አቶ ደርበው ከመስከረም ወር ጀምሮ በልብ ሕመም ቤት ዋሉ። ጥሪው ግን ወደ እርሳቸው መምጣቱን አላቆመም፤ አልጋ ላይ ሆነው ለተተኪያቸው ያስተላልፉ ነበር። ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. ማለዳ ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። በዚያው ማለዳ ጥሊሊ ድምፅ ጠፍቶ ወ/ሮ እታለማሁ አንድ ጊዜ ደውለው ዘጉ። መልስ አልመጣም። በዚህ ሁሉ ዓመት መልስ ቀርቶባቸው አያውቅምና ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሚኒባስ ተሳፈሩ። የእድሩ ጡሩንባ ሳይነፋ ደረሱ።

ወረቀቱ እንደታጠፈ ከሠርግ ኮታቸው ኪስ ተገኝቷል። ሦስተኛው ገጽ እንዲህ ይላል፦ «ማማውን ስታዩ እኔን የምታነሱ ሁሉ፣ ብቻዬን አልነበርሁም። ጥሊሊ ላይ እታለማሁ፣ ዘንገና ላይ አዝመራው ሳይታክቱ ሰምተውልኛል። ጉባኤው የምስክር ወረቀት የሚሰጥ ከሆነ የእኔን በእነርሱ ስም ጻፉልኝ። መድረክ የሚመራውን የእኅቴን ልጅም አመሰግናለሁ። ኮርቼበታለሁ።» ተነብቦ ለማለቅ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

አቶ ደርበው ባለቤታቸውን ወ/ሮ ሰውነትን፣ ልጆቻቸውን ናርዶስንና ምስጋናውን፣ እኅታቸውን ወ/ሮ ምህረቴን፣ እንዲሁም ሁለቱን ሰሚዎቻቸውን ትተው ሄደዋል። የትናንቱ የጥሊሊ ጥሪ ስልካቸው ላይ መልስ ሳያገኝ አለ። ይኸነው ይህን አንብቦ እንደጨረሰ በዚያው ስልክ ለወ/ሮ እታለማሁ አንድ ጊዜ ደውሎ ይዘጋል። ይቅርታ ግን በስልክ አይጠየቅም። ሣልስቱ እንዳለፈ ድንጋይ ተሸክሞ ጥሊሊ ይመጣል፤ ይመጣል ብለው አጎቱ ቃል ገብተውለታልና።

ዕድሜያቸውን የሌላውን ድምፅ ሲጠብቁ ለኖሩት ለአቶ ደርበው፣ ፈጣሪ «ኑ፣ የአባቴ ብሩካን» የሚለውን ድምፅ ሳይንጫጫ ያሰማቸው። አሜን።