የዘይነባ ዶሮ

ዳንግላ፣ እሑድ ሐምሌ 12 ቀን 1956 ዓ.ም.

ልጄ ጥሩወርቅ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ፣ አዲስ አበባ የዓለምን ሃይማኖቶች ስትማር ከርማ መጣች። ሰው «ሃይማኖቷን ጥላ መጣች» ይላል። እኔ እናቷም ፈራሁ፤ ፊደል የለየሁት ከስኳር መጠቅለያ ወረቀት ላይ ነው፣ የእሷን ትምህርት በምን ልመዝነው?

ዛሬ እስላሟን ጎረቤቴን ዘይነባን ምሳ ጠራናት። ወንድሜ ዶሮውን ሊያርድ ቢላዋ ሲስል ጥሩዬ ዶሮውን ነጥቃው ወደ ዘይነባ ባል ሮጠች። እሱ አረደላት፤ በእነሱው ድስት ሠራችው። ጥሩዬም የእስላም ሥጋ ትበላ ይሆን እያልሁ ሽሮዬን አማሰልሁ።

ምሳ ሲቀርብ ጥሩዬ ለራሷ የእኔን ሽሮ ጨለፈች።

«ምነው አንቺ? ዶሮዬን መርዘሽዋል እንዴ?» አለቻት ዘይነባ።

«እርስዎስ እትዬ፣ አጎቴ ያረደውን ይበሉልኝ ነበር?»

«አልበላም!»

«እንግዲያው ሁለታችንም አምላካችንን ፈርተን ነው። ይልቅ ዱዓ ያድርጉልኝ።»

ዘይነባ እየሳቀች እጇን ዘርግታ መረቀቻት። ጥሩዬ አሜን ብላ፣ አማትባ እንጀራዋን ቆረሰች። እንዲህ ያለ እምነት ከየትኛው መጽሐፍ እንዳገኘችው አልጠየቅኋትም።

በኋላ ከድስቱ የተረፈውን ሽሮ ስቀምሰው፣ ከፍርሃቴ የተነሣ ጨው አብዝቼበት ኖሯል። ጥሩዬ ግን ድርሻዋን ጠርጋ በልታዋለች።