ከኋላ ያለው ክብደት

ይድረስ ለልጄ ለእምሩ፤ ሰላምታዬ ባሕር ተሻግሮ በደህና ያግኝህ። እኔ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ጉልበቴም ምላሴም አልደከሙም።

ህንድ አገር ስለምትጠግነው ትልቅ ድልድይ የጻፍከውን ደጋግሜ አነበብኩት። ሁለቱ የብረት ክንዶች ወንዙ መሃል ምሰሶ ሳይኖር ተገናኝተው ሰማንያ ዓመት የቆዩት ከኋላ ክብደት ስለያዛቸው ነው አልክ። የእኛም ሰገነት ያለ ምሰሶ ነው የወጣው፤ ስለዚህ የአባትህን የብረት ሳጥን ወደ ኋላው ግድግዳ አስጠጋሁለት።

ሰፈራችን እሪ በከንቱ አሁን እሪ የሚል እንኳ አጥታለች፤ ጎረቤታችን ኪሮስም ማክሰኞ ዕቃውን ጭኖ ሄደ። ትናንት አንድ የወረዳ ሠራተኛ ለልማት የሚፈርሱትን ቤቶች ዝርዝር አምጥቶ፣ ስሜ አጠገብ «ተነሺ» የሚል ቃል አሳየኝ። «አልነሳም!» ብዬው ሳጥኑ ላይ ተደላድዬ ተቀመጥኩ። እኔ የተነሳሁ እንደሆነ አንተን ከኋላ ማን ይይዝሃል?

ድልድይህንም አንተንም ሳያነቃንቅ ያቆይልኝ።

እናትህ ሰርክአዲስ፣ ከሳጥኑ ላይ