ከካናዳ ይልቅ ቶንጋ

ውድ ታምሲን፣

ሐሙስ እሄዳለሁ። ወደ ካናዳ ግን አይደለም። ይህንንማ እሑድ ቤታችሁ መጥቼ ነግሬሻለሁ፤ የቀረውን ግን አፌ እምቢ ስላለኝ ነው የምጽፍልሽ።

እናትሽን ስትሮክ መትቷት ወደ ሎንሰስተን ከተማ ይዘሻት ከሄድሽ ወዲህ፣ እኔ እዚህ በርኒ ውስጥ መቀመጫ አጣሁ። ትምህርት አልቋል፤ ዩኒቨርሲቲው ለአንድ ዓመት ቦታዬን ይዞልኛል፤ ዓመቱን ምን እንደማደርገው ግን አላውቅም። እጠብቅሻለሁ፣ በሚቀጥለው ዓመት አብረን ካናዳ እንሄዳለን ስልሽ፣ «እኔን ሰበብ አድርገሽ እንዳትቀሪ» ብለሽ ስልኩን ዘጋሽብኝ። ልክ ነበርሽ። ቢሆንም ተቀየምኩሽ።

ከዚያ በኋላ ያልተመኘሁት አገር የለም። አንድ ሰሞን እንግሊዝ አገር አዳሪ ትምህርት ቤት ረዳት ልሆን፣ ሌላ ሰሞን ፈረንሳይ የሰው ልጆች ልጠብቅ። ጠዋት የወሰንኩትን ከሰዓት አፈርሰዋለሁ። አባቴን ታውቂዋለሽ፣ የወተት ቦቴውን ሲነዳ ውሎ ሲገባ ወሬ አይወድም። አንድ ቀን እራት ላይ ሹካውን አስቀምጦ «ብሪዲ፣ ትናንት ፈረንሳይ ነበርሽ፤ ዛሬስ የት ዋልሽ?» አለኝ። እናቴ ሳቀች። እኔ ተነስቼ ወጣሁና እግሬ እስኪዝል ባሕሩን ዳር ዳሩን ሄድኩ።

በመጨረሻ የድሮው ሐሳባችን ይሻላል ብዬ ካናዳ ላለ አንድ የበረዶ መንሸራተቻ ስፍራ ለሥራ አመለከትኩ። በቪዲዮ ያነጋገረችኝ ሴትዮ ለምን መምጣት እንደፈለግሁ ጠየቀችኝ። ተራራው ላይ በረዶ ሲጥል የሚወርደውን ጸጥታ መስማት እፈልጋለሁ አልኳት። በጣም ወደደችው፤ እዚያው ተቀበለችኝ። ኮምፒውተሩን ከዘጋሁ በኋላ ነው የገባኝ። ቃሉ ያንቺ ነዋ፣ ታምሲን። ከልጅነታችን ጀምሮ ስትደጋግሚው የሰማሁት። የራሴን ቃል ብፈልግ አንድም አጣሁ።

የካናዳውን ሥራ ተውኩት። ቶንጋ ደሴቶች ላይ ያለች አንዲት ትንሽ ትምህርት ቤት ልጆችን ዋና የሚያስተምር ሰው ትፈልግ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ የዋና ገንዳው ውስጥ ከማስተምራቸው ልጆች ጋር ስሆን ብቻ ነው ልቤ የሚያርፈው፤ ከዚህ የተሻለ ምክንያት የለኝም። እናቴ «ጓደኞችሽ ለንደንን ሲዞሩ አንቺ ደሴት ላይ ልትሰለቺ ነው» አለችኝ። ልሰለች እችላለሁ።

እሑድ ስመጣ እናትሽ በምርኩዝ እስከ በሩ ወጥታ ስሜን ቀስ ብላ፣ ግን ሳትሳሳት ጠራችኝ። አንቺ ወሬውን ስትሰሚ ፊትሽ ጠቆረ።

«ካናዳን ለእኔ ብለሽ ነው የተውሽው?»

«አይደለም። በረዶ አልወድም።»

«ይህን ሁሉ ዓመት?»

«ብርድ ራሱ አልወድም፣ ታምሲን።»

ያኔ ሳቅሽ። እናትሽ ከታመመች ወዲህ ስትስቂ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ሳቁ ሲያልቅልሽ «ታዲያ ምኑን ነበር እንደዚያ የፈለግሽው?» አልሽኝ። እኔም አውቶቡስ ሊያመልጠኝ ነው ብዬ ሸሸሁ።

ካንቺ ጋር መሄዱን ነበር። የትም ቢሆን። አሁን ብቻዬን ልሄድ ነው፤ ሻንጣዬን ሸክፌ መልሼ እዘረግፈዋለሁ፣ ምናልባት ተሳስቼም ይሆናል።

ዓመቱ አልቆ ስመለስ የምማረው እዚያው እናንተ ከተማ ነው። ያኔ ተራው ያንቺ ነው፤ ካናዳ ትሄጃለሽ። እናትሽን እኔ እንከባከባታለሁ። እሑድ አንቺ ቦርሳዬን ልታመጪልኝ ስትገቢ ጠየቅኳት። እሺ ብላኛለች።

ያንቺው ብሪዲ