ቮልሷና ባለሽቦዋ አምፖል

ንፋስ መውጫ፣ ቅዳሜ የካቲት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ፣ ቮልስህ ተነሣች! አባባ ትናንት አርባህ እንደወጣ፣ «ነገ ካልተነሣች ለብረት ገዥ ትሸጣለች» ብለው ነበር።

መካኒኩ ጋሽ ታምሩ ጠዋት የኮምፒውተር መመርመሪያቸውን ይዘው መጡ፤ መሰኪያውን ቢፈልጉ ቢፈልጉ አጡት።

«ጋሼ፣ ይቺ የእርስዎ እኩያ ናት፤ ኮምፒውተር የት ታውቃለች?» አልኋቸው።

«ምላስህስ የወንድምህ ነው!» ብለው ሳቁ።

እኔ አንተ ኤሌክትሪክ መኖሩን ለመፈተሽ ሽቦ ያሰርህላትን አምፖል መረጥሁ። ከባትሪው ጀምሬ ገመዱን በአምፖሏ ሽቦ ስነካ በራች፤ ከቁልፉ በኋላ ግን ጠፋች። እዚያ የላላውን ሽቦ አጥብቄ ቁልፉን ሳዞር ሞተሩ ተነሣ! አባባ ጣራዋን መታ መታ አድርገው፣ «ትቆይ» አሉ።

ሁሉም ወደ ቤት ሲገቡ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ አንተ ብቻዬን መሪ ያዝሁ። እግሬ ፍሬኑ ጋ ስላልደረሰ ወንበርህን ወደ ፊት ሳብሁትና ግቢውን ዞርሁ።