የአባትሽ ጆሮ ነገር

ከዓይኔ ርቀሽ ከልቤ ላልጠፋሽው ልጄ፣

ናፍቆቴና ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ሥራሽስ? እኛ አምላክ ይመስገን ደኅና ነን። ደኅና ነን ማለት የቻልኩት ግን ገና ትናንት ነው። ስልክሽን ስለቀየርሽ ምን ላድርግ፣ ደስታዬን ብቻዬን አልችለው ብዬ ከባሕር ዳር ሆስፒታል ግቢ እጽፍልሻለሁ፤ ወዳለሽበት የሚመጣው ጎረቤታችን ባየህ ያደርስልሻል።

የአባትሽን ጆሮ ታውቂዋለሽ፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲመግል የኖረ ነው። ዘንድሮ በኅዳር፣ ሩዙ ሲታጨድ፣ በድንገት ደረቀ። እኛ ሞኞቹ ተፈወሰ ብለን ጣራ ገዳም ድረስ የስለት ጃንጥላ አስገባን፤ እኔማ ከሴቱ ሁሉ በላይ እልል አልኩ። ለካ መግሉ ወደ ውስጥ ዞሮ ኖሯል። ብዙም ሳይቆይ ራሱን ፈለጠው፣ አስመለሰው፣ ከዚያ ንግግሩ ተዘባረቀ። ማጭድ አቀብዪኝ ሊል ጨው አቀብዪኝ ይላል። ጎረቤቱ ሁሉ መንፈስ ነው፣ ጠበል ይወሰድ አለ። ወንድምሽ ገበያው ግን ጠበሉ የትም አይሄድም፣ አስቀድሞ ሐኪም ይየው ብሎ በባጃጅ ወረታ አወረደው፤ ከወረታ በአምቡላንስ ወደዚህ ላኩን።

ሐኪሙ የጆሮው መግል አጥንቱን በልቶ አንጎሉ ውስጥ ተጠራቅሟል፣ ዛሬውኑ ካልወጣ አይተርፍም አሉኝ። ጭንቅላቱን ከፍተው አወጡለት፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ተረፈልኝ ልጄ፤ አባትሽ ተረፈ።

አሁን የሚያስቅሽን ልንገርሽ። ሲነቃ መጀመሪያ ከአፉ የወጣው ስምሽ ነው። የሰጠንሽን ዲያቆን ጥለሽ የሄድሽ ለት ስሟ በቤቴ አይጠራ ያለው ያ ሰውዬ! እኔን በስምሽ ይጠራኛል፤ ነርሷንም በስምሽ፤ ገበያውን እንኳ ጢሙን እያየ በስምሽ። ውሃ ሲጠማውም የሚለው አንቺኑ ነው። ሐኪሙ፣ ቃላቱ ተበታትነውበት በእጁ የቀረችው ያቺ ብቻ ናት፣ ሌላውም ቀስ እያለ ይመለሳል፣ ሲሳሳት አርሙት አሉን። ገበያው ያርመዋል። እኔ ግን አቤት እላለሁ።

እንግዲህ የሥራውን ነገር ተይውና ፈጥነሽ ነይ። ቃሉ ሁሉ ተመልሶለት ኩርፊያው ትዝ ሳይለው ድረሺ።

የፎገራን ሜዳ ውሃ የማይነሳው አምላክ አንቺንም ጤና አይንሳሽ፤ መንገድሽን ያቅናልሽ።

እናትሽ